የኤሲ ጋዝ አያልቅም፤ ከወጪ ዝርዝራችሁ መጀመሪያ እሱን ሰርዙ

ዛሬ እዚህ ጅቡቲ፣ ባልባላ፣ አንድ ቤት ኤሲ ልሠራ ገብቼ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አነበብኩ። «የሚቀነሱ ወጪዎች» ይላል፦ ቡና፣ የልጆች ብስኩት፣ ኢንተርኔት፣ የኤሲ ሰርቪስ። «ከቴሌግራም አግኝቼው ነው ወንድሜ» አሉኝ እትዬ። የኤሲውን ክዳን ስከፍት ፊልተሩ በአቧራ ተደፍኖ ብርድ ልብስ መስሏል። ሰርቪሱ በእርግጥም ተሰርዟል። ከወረቀቱ ሥር ደግሞ «ጋዝ ማስሞያ» የሚሉ የየዓመቱ ደረሰኞች ተሰክተዋል። እሱን የሰረዘው የለም! እጄን ሳልታጠብ ነው ይህን የምጽፈው።

በቅደም ተከተል እንሂድ።

1. የሚያናድዳችሁን ወጪ ሳይሆን ትልቁን ወጪ ቀንሱ። የስልክ ቻርጀር 5 ዋት ግድም ይወስዳል። ባለ 12 ሺህ ቢቲዩ ኤሲ ኮምፕሬሰሩ ሲሠራ 1,000 ዋት ግድም ይወስዳል። ኤሲው በአንድ ሰዓት የሚበላውን መብራት ቻርጀሩ በ200 ሰዓት ነው የሚበላው። «ቻርጀር ንቀሉ» እያላችሁ የምትለጥፉ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉን። ኮምፕሬሰሩ በየሌሊቱ ለ10 ሰዓት ሳያርፍ ከሠራ በወር 300 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ቢላችሁ ላይ ባለው ዋጋ አባዙትና ከቡናው ጋር አስተያዩት። (መብራቱ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከኛው አገር ከኢትዮጵያም ይመጣል፤ እዚህ ሲደርስ ግን ዋጋው ሌላ ነው።)

2. 16 ላይ ማድረግ ቶሎ አያቀዘቅዝም። ኢንቨርተር ያልሆነ ኤሲ ኮምፕሬሰሩ ወይ ይሠራል ወይ ይቆማል፣ መሃል የለውም። 16 ስትሉት «እንዳትቆም» ብላችሁ ማዘዛችሁ ነው። 26 ላይ አድርጉና ቬንትሌተር ጨምሩበት።

3. ጋዝ። እዚህ ላይ ታገሡኝ።

የኤሲ ጋዝ አያልቅም። አይቃጠልም፣ አይበላም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየተነነ ተመልሶም ፈሳሽ እየሆነ ይዞራል፤ ፋብሪካው የሞላው ኤሲው እስኪያረጅ ይበቃዋል። ካነሰ ወጥቷል፤ ከወጣ ደግሞ የወጣበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳይደፍን ጋዝ የሞላላችሁ ሰው የከርሞውን ቀጠሮ ነው የሸጠላችሁ። እዚህ ቤት የመዳብ ቱቦው ማሰሪያ ላይ የሳሙና አረፋ ስቀባበት ወዲያው ተነፋ። ማሰሪያው ዙሪያ ዘይት ነበር። ከእኔ በፊት የመጣው ሁሉ ዓይን ካለው ያየዋል። ቆርጬ፣ አዲስ አፍ አውጥቼ አሰርኩት፤ ቫኪዩም አድርጌ በሚዛን ሞላሁት።

በሚዛን ነው ያልኩት! ቧንቧውን በእጅ ዳስሶ «በረደ፣ ይበቃል» ማለት ሥራ አይደለም። አር-410ኤ የሚባለው የኤሲ ጋዝ የሁለት ጋዞች ድብልቅ ነው፤ ግፊቱም ከድሮው ጋዝ ከአር-22 ከአንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል። አር-22 ደግሞ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከገበያ እየወጣ ነው፤ ለታዳጊ አገሮች ዋናው ቀነ ገደብ እ.ኤ.አ. 2030 ነው። እየጠፋ ያለ ጋዝ በየዓመቱ ገዝቶ ወደ ሰማይ መልቀቅ ምን የሚሉት ቁጠባ ነው? አንድም ደንበኛ ግን የሥራ ፈቃዴን ጠይቆኝ አያውቅም። «ጋዝ ስንት ነው?» ብቻ።

ብዙ ጊዜ እኮ ጋዙም አልጎደለም። ፊልተር ሲደፈን አየር አያልፍም፣ የውስጡ ቱቦ በረዶ ይሠራል፣ ክፍሉ አይቀዘቅዝም፤ ከዚያ «ጋዝ አለቀ» ይባላል። ሰርቪስ የምትሰርዝ ወረቀት ናት የጋዝ ደረሰኝ የምትወልደው። ፊልተር ማጠብ ውኃ ብቻ ነው የሚፈልገው። ካምሲን በሚነፍስበት ወቅት በየሁለት ሳምንቱ እጠቡት። የባሕሩ ጨው የሚበላውን የውጪውን ክፍል ግን ለባለሙያ ተዉት።

ደግሞ ሥልጠና የሚሰጡን! አንድ ድርጅት «የቤተሰብ ቁጠባ» ብሎ ሰብስቦን ነበር። አዳራሹ 17 ዲግሪ፣ በሩ በወንበር ተደግፎ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ስክሪኑ ላይ 50፣ 30፣ 20 የሚል ቀመር፦ ከገቢያችሁ 50 በመቶ ለግድ ወጪ፣ 30 ለፍላጎት፣ 20 ለቁጠባ። ቀመሩን ያስተዋወቀችው አሜሪካዊቷ ኤልዛቤት ዋረን ናት፣ ከልጇ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመችው መጽሐፍ፤ የጻፉትም ለአሜሪካ ደመወዝተኛ ነው። ባልባላ ላይ ኪራይ፣ ምግብና መብራት ተደምረው ከ50 በመቶ በታች የሚሆኑለት ሰው ካለ ያሳዩኝ። ጥያቄ ለመጠየቅ እጄን ባነሳ «የሻይ ሰዓት ነው» ተባልኩ።

የቀረውን ባጭሩ። በሙቀቱ ወራት ሁላችሁም አንድ ክፍል ተኙ፤ ሁለት ኤሲ ማሳደር ቅንጦት ነው። ዕቁብ አትንኩ። ለቤተሰብ የምትልኩትን ደግሞ እዚያ በሚደርሰው ብር አስሉት፤ ፍራንኩ ከዶላር ጋር በ177.721 ታስሮ ቆሟል፣ ብሩ ግን ሐምሌ 2016 ከተለቀቀ ወዲህ የድሮው አይደለም። ቀንሳችሁ የምትልኩ ከሆነ አስቀድማችሁ ደውሉ። ጫትስ? ከአገር ቤት በየቀኑ ይገባል፣ በየቀኑም ይገዛል፤ ፍሪጅ ላይ በተለጠፈ ዝርዝር ግን አይቼው አላውቅም። የእናትየው ቡና ነው ሁሌ የሚሰረዘው።

ኤሲ ሊሠራ የመጣ ሰው «ጋዝ አልቋል» ካላችሁ «የት ጋ ነው የሚያፈሰው? አሳየኝ» በሉት። ካላሳያችሁ አትክፈሉት።