ጥሬ ነው ወይስ ሙቀቱ ነው?

ጁባ ላይ ቸኮሌት ኬክ የሚጋግር ሐበሻ ሁሉ ይህን ክስ ያውቀዋል። ጥቅጥቅ ያለው ኬክ ከፎርኖ ወጥቶ ሰዓታት ካለፉ በኋላ ሲቆረጥ መሃሉ ርሶ ቢላው ላይ ይቀባል። «ጥሬ ነው» ይባላል። በማግስቱ ጋጋሪዋ ሩብ ሰዓት ትጨምርበታለች፤ ያኔ ደግሞ ደርቆ ይፈረፈራል።

ብዙውን ጊዜ ግን የመጀመሪያው ኬክ ጥሬ አልነበረም። የካካዎ ቅቤ የሚቀልጠው 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ የገበታ ቅቤም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ጁባ ደግሞ በደረቁ ወራት 38 ዲግሪ መድረሷ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 መንግሥት ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል ብሎ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ጠረጴዛ ላይ የዋለ ኬክ ውስጡ ያለው ቸኮሌት በምን ተአምር ይርጋ? ያው ኬክ አዲስ አበባ 20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ቢያድር ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል።

መብሰልና መርጋት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኬክ በሰለ የሚባለው እንቁላሉ ሲይዝና የዱቄቱ ስታርች ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ነው፤ ይህ አንዴ ከሆነ የክፍል ሙቀት አይመልሰውም። ቸኮሌቱና ቅቤው ግን እንደ አየሩ ይቀልጣሉ፣ ይረጋሉ። ስለዚህ ከመፍረድ በፊት ኬኩን ሁለት ሰዓት ያህል ፍሪጅ ማስገባት ይበጃል። የበሰለው ጠንከር ብሎ ይቆረጣል፤ ጥሬው ቀዝቅዞም ሊጥ ነው።

ከሁሉም የጸናው እምነት «ስቴኪኒው ንጹሕ ሆኖ ካልወጣ አልበሰለም» የሚለው ነው። ከድፎ ዳቦ የወረስነው ይመስለኛል። ድፎው ላይ ቢላ ሰክተን ሊጥ ካልያዘ በሰለ እንላለን፤ ለዳቦ ትክክል ነው። ከጥቅጥቅ ቸኮሌት ኬክ መሃል ንጹሕ ሆኖ የወጣ ስቴኪኒ ግን ጊዜው ማለፉን ነው የሚናገረው። ትክክለኛው ሰዓት እርጥብ ፍርፋሪ ይዞ ሲወጣ ነው። ጥቁርና እርጥብ ነገር ከያዘስ? በሁለት ጣት አሸት ማድረግ ነው። የቀለጠ ቸኮሌት ያብረቀርቃል፣ እንደ ቅባት ያዳልጣል፤ ሊጥ ይጣበቃል፣ ያልሟሟ ስኳርና ዱቄትም ጣት ላይ ይሻክራል። ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ እንደገና መውጋት ነው፤ የቸኮሌት ጉብታ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። መጋገሪያውን ቀስ አድርጎ መነቅነቅም ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። ጠርዙ ቆሞ መሃሉ ብቻ፣ የሲኒ አፍ በምታህል ስፋት፣ እንደ ረጋ እርጎ ርግብ ርግብ ካለ ይውጣ። እንደ ውሃ ከሞገደ ይቆይ። የጋለው መጋገሪያ ከወጣም በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ማብሰሉን አይተውም።

ሽታው ቤቱን መሙላቱ ለብቻው ማስረጃ አይሆንም፤ ቀለሙም ከጅምሩ ጥቁር ስለሆነ አይረዳም። መሃሉ ትንሽ መስመጡም ውድቀት አይደለም። በእንቁላል አየር የተነፋ ኬክ ሲቀዘቅዝ ዝቅ ይላል።

ቴርሞሜትር የያዘ ሰው ደግሞ «ቁጥር አይዋሽም» ይላል። አይዋሽም፤ ነገር ግን አገሩን ይመርጣል። ጁባ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ 98 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን 92 አካባቢ። እርጥብ ኬክ መሃሉ ውሃ ከሚፈላበት አይዘልም። እንግዲህ «96 ሲደርስ አውጡ» የሚል የውጭ አገር መመሪያ ጁባ ላይ ይሠራል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ቁጥሩ ሳይመጣ ኬኩ ይደርቃል። ለጥቅጥቁ ኬክ ጁባ ላይ 90 ዲግሪ አካባቢ በቂ ነው፤ 96 ለስፖንጁ ይቆይ።

መብራት ሲጠፋ ወይም ጄኔሬተር እስኪነሳ ሲጠበቅ ሰው ሁሉ የፎርኖውን በር ከፍቶ ያያል። ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው፤ በሩ ከተዘጋ የታመቀው ሙቀት ለጥቂት ጊዜ ማብሰሉን ይቀጥላል። በቤኪንግ ፓውደር የሚነፋ ኬክ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቢቀዘቅዝ ሊወድቅ ይችላል። ጥቅጥቁ ግን የሚወድቅበት ብዙ ከፍታም የለው፤ መብራቱ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ይጨመርለታል።

ከዚህ ሁሉ የሚለየው የጾሙ ኬክ ነው። እንቁላል ስለሌለው መሃሉን የሚይዝለት በዋናነት ስታርቹ ነው፤ ብዙ ስኳር ባለበት ሊጥ ደግሞ ስታርች የሚያብጠው ዘግይቶ፣ ሙቀቱ ከፍ ካለ በኋላ ነው። የእርጎው ርግብታ ለእሱ አይሠራም፤ መሃሉም ቀጥ ብሎ እስኪቆም ይጋገራል። በቅቤ ፈንታ የሚገባው ፈሳሽ ዘይት ፍሪጅ ውስጥም እንደ ቅቤ አይረጋምና የጾም ኬክ በስሎም እርጥብ ነው።