የተቀበረ ዲ.ዲ.ቲ. በቶሎ አይጠፋም

በደባርቅም ሆነ በዳባት፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን የቆየ ዲ.ዲ.ቲ. ቢገኝ «አፈር ይበላዋል» ተብሎ መቀበር የለበትም።

ዲ.ዲ.ቲ. አምስት ክሎሪን ያለው መርዝ ነው። ውሃ ባቆረና አየር በማይገባበት አፈር የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን አንዱን ክሎሪን ነጥቀው በምትኩ ሃይድሮጅን ያስገባሉ። የሚገኘው ዲ.ዲ.ዲ. ግን ራሱ መርዝ ነው። በዝናባማ ደጋ እንደሚያጋጥመው አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ፣ ከእነዚህ ተሕዋስያን ብዙዎቹ ስለሚዳከሙ ሥራው ይጓተታል። ኖራ ሰብልን ይረዳል እንጂ የተቀበረ መርዝ አያጠራም።

መርዙ ከአፈር ጋር ተጣብቆ በጎርፍ ወደ ግጦሽ ይወርዳል፤ በላም ወተትም ወደ ሕፃናት ይደርሳል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 ያጸደቀችው የስቶክሆልም ስምምነት እንዲህ ያለው መርዝ በሥርዓት እንዲወገድ ይጠይቃል። ስለዚህ የልማት ሠራተኞች መርዙን ከእህል፣ ከከብትና ከምንጭ አርቀው፣ በመያዣው እንዳለ ቆልፈው፣ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ ይኖርባቸዋል።