ኮካው 2 ዶላር፣ በካርድ ግን 2 ከ10
ባለፈው ሳምንት እህቴ ከሥራ ቦታዋ ደውላ «ካርዴን ሰረቁኝ!» አለችኝ። ጉዳዩ ሲጣራ ከቬንዲንግ ማሽን ኮካ ገዝታ 10 ሳንቲም ተጨምሮባታል።

የካርድ ክፍያ ሥራዬ ስለሆነ ይህን ቅሬታ ደጋግሜ እሰማለሁ። ስርቆት አይደለም። እዚህ አሜሪካ በብዙ ማሽኖች ላይ በጉልህ የሚታየው የጥሬ ገንዘብ ዋጋ ነው፤ የካርዱ ጭማሪ ካርድ ማንበቢያው አጠገብ በትንሽ ወረቀት ይለጠፋል። (መነጽር ይዛችሁ ሂዱ!)

ምክንያቱ? ባለማሽኑ ለእያንዳንዱ የካርድ ክፍያ ብዙውን ጊዜ ከዋጋው መቶኛ ሌላ ቋሚ ሳንቲሞችም ይከፍላል። በ100 ዶላር ዕቃ ላይ አይታወቅም፤ የ2 ዶላር ኮካን ትርፍ ግን ይበላዋል።

እንግሊዝ ላላችሁ ግን እ.ኤ.አ. ከጥር 2018 ጀምሮ በግል ካርድ ላይ እንዲህ መጨመር ክልክል ነው።

በባንክ መተግበሪያችሁ ላይ ከገዛችሁት የበዛ «ፔንዲንግ» ብታዩም አትደንግጡ። ማሽኑ ምን እንደምትመርጡ ስለማያውቅ አስቀድሞ ገንዘብ ያስይዛል፤ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይለቀቃል። ካልተለቀቀ፣ ወይም ዕቃው ሳይወርድ ከተቆረጠባችሁ፣ የማሽኑን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ እዚያው ወደተጻፈው ስልክ ደውሉ። እምቢ ካሉ ለባንካችሁ አቤት በሉ።

የገጠማችሁን ከታች ጻፉልኝ፤ የካርድ ቁጥራችሁን ግን አደራ፣ እንዳትለጥፉ።