ጣና ላይ በመንጠቆ

ባሕር ዳር ውስጥ አሳ ቤት ገብቶ ጥብስ ወይም ጉላሽ የሚያዝ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ቆሮሶ ነው። ጣና ግን የቆሮሶ ብቻ ሐይቅ አይደለም። አምባዛ አለ፣ በሶ አለ፣ የአካባቢው ሰው በጥቅሉ ነጭ አሳ የሚለው ሰፊ ዘርም አለ። መረብ ለሚጥል ሰው ይህ ልዩነት ብዙም አያስጨንቀውም፤ መረቡ በዓይኑ ስፋት ልክ የመጣለትን ይይዛል። መንጠቆ የያዘ ሰው ግን አሳው ምን እንደሚበላ፣ መቼና የት እንደሚበላ ካላወቀ ባዶ እጁን ይመለሳል።

የቆሮሶ ምግብ በአብዛኛው ደቃቅ የውሃ አልጌ ነው፤ ስለዚህ ሌላ አሳ አያሳድድም። ደንገልና ሣር ባለበት ዳርቻ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ መዋል ይወዳል። ለእርሱ የሚስማማው ትንሽ መንጠቆ፣ ቀጭን የናይለን ክር፣ ትል ወይም ትንሽ የሊጥ ድብልብል ነው። ትሉ ከአንድ ጫፉ ተወግቶ የመንጠቆውን ጉብጠት ተከትሎ ይሰካል፤ ጅራቱ ግን እንዲወራጭ ትንሽ ይተዋል። ከመንጠቆው አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ቡሽ ይታሰራል። ቆሮሶ በአንዴ አይውጥም፣ በከንፈሩ ይነካካል። ቡሹ ሁለት ሦስት ጊዜ ይንቀጠቀጥና ወደ ጎን መንሸራተት ይጀምራል፤ ክሩ የሚሳበው ያኔ ነው። ቀድሞ የሳበ ሰው የሚያገኘው ባዶ መንጠቆ ነው።

አምባዛን መፈለግ ያለበት ከታች፣ ከጭቃው ላይ ነው። በጨለማና በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ምግቡን የሚያገኘው በረጃጅም ጢሞቹና በማሽተት ነውና የአሳ አንጀት ወይም የሥጋ ቁራጭ በእርሳስ ከብዶ ወለሉ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። የተሻለው ሰዓት ከምሽት በኋላ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ስለሚችል ቀጭን ክር አይችለውም። አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው ከውሃ ከወጣ በኋላም ረጅም ጊዜ በሕይወት ይቆያል። ቅርፊት የሌለው አሳ በሃይማኖታቸው ምክንያት የማይበሉ ብዙ ሰዎች በመኖራቸው ግን ከቆሮሶ እኩል ፈላጊ የለውም።

ጣናን ከሌሎች ሐይቆች የሚለየው ነጭ አሳ ነው። ሐይቁ 40 ሜትር ገደማ ቁመት ባለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ የተቆረጠ በመሆኑ እንደ ናይል ፐርች ያሉ አሳ በል ዝርያዎች ወደ ላይ አልወጡም። በዚያ ክፍት ቦታ ላይ ሳይንስ ላቢዮባርበስ የሚለው ዘር ተስፋፋ። ናጌልከርኬና ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባደረጉት ጥናት 15 ያህል ዓይነት ለይተዋል፤ አብዛኞቹ ከጣና ውጪ የትም የሉም። ከእነዚህ ስምንቱ ሌላ አሳ የሚበሉ ናቸው። ይህ በእውነት የሚያስደንቅ ነው፤ ነጭ አሳ የሚመደብበት የካርፕ ቤተሰብ አሳዎች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ የሚፈጩት ጉሮሯቸው ውስጥ ባሉ ጥርሶች ነው። ስለዚህም የሚውጡት አሳ ከራሳቸው በጣም ያነሰ መሆን አለበት። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ እሸቴ ደጀን ያጠኗቸው፣ እርዝማኔያቸው ከጣት ብዙም የማይበልጥ ትንንሽ አሳዎች ዋነኛ ቀለባቸው ናቸው።

ትሮሊንግ የሚባለው ዘዴ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ጀልባው ሰው ቀስ ብሎ በሚራመድበት ፍጥነት ይሄዳል፤ 20 ወይም 30 ሜትር ኋላ ማንኪያ የሚመስል ትንሽ የብረት ማባበያ ይከተላል። ብረቱ ውሃው ውስጥ እየተወዛወዘ ሲያብረቀርቅ ከመንጋው የተነጠለ ትንሽ አሳ ይመስላል። ትልቅ ማባበያ እዚህ አይሠራም፤ ጠባቡን ጉሮሮ ማስታወስ ነው። ጣና በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከባድ ማስጠሚያ አያስፈልግም። ጥልቀቱን የሚወስኑት ፍጥነቱ፣ የክሩ ርዝመትና የማባበያው ክብደት ናቸው።

ልምድ ያለው ሰው ቀጥ ብሎ አይነዳም። ጀልባው ሲታጠፍ ከውስጥ በኩል ያለው ክር ይዘገይና ማባበያው ይሰምጣል፣ ከውጭ ያለው ደግሞ ፈጥኖ ወደ ላይ ይነሳል። አሳው የውስጡን ከነከሰ ፍጥነቱን መቀነስ ወይም ክሩን ማርዘም፣ የውጩን ከነከሰ መፍጠን ነው። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ከተያዘ ሞተሩን አጥፍቶ፣ መልሕቅ ጥሎ ትል የተሰካበት መንጠቆ ወደ ታች መልቀቅ ይቻላል። መጎተቱ አሳ ያለበትን ለማግኘት ነው፣ ትሉ ደግሞ ያገኙት ቦታ ላይ ለመቆየት።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ነጭ አሳ እስካለ ድረስ ነው። በሞተር ጀልባ መረብ መጣል ጣና ላይ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ብዙዎቹ የነጭ አሳ ዓይነቶች በክረምት፣ በተለይ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ይወጣሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ጠጠር ላይ ነው። ወንዙ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ ታዲያ የሚይዘው ገና ያልወለደውን ነው። የተፈጨ የብርብራ ፍሬ ውሃው ውስጥ መበተን ደግሞ ትልቅ ትንሽ ሳይል ይፈጃል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ የነጭ አሳ ክምችት ሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የታወቀው እምቦጭ የተባለው የውሃ አረምም የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ሸፍኗል።

መንጠቆ ምርጫ ይሰጣል። የብረት ማባበያ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከንፈር ስለሆነ አሳው ሳይጎዳ ሊለቀቅ ይችላል፤ ትል ወይም ሥጋ ግን እስከ ጉሮሮ ይዋጣል። ስለዚህ በክረምቱ ወራት ከወንዞቹ አፍ ርቆ ክፍት ውሃ ላይ መጎተት፣ የመንጠቆውን የኋላ ሹል በፒንሳ መደፍጠጥ፣ እጅን አርጥቦ አሳውን መያዝና ሆዷ የተነፋ ሴት ከሆነች ውሃው ውስጥ እንዳለች መንጠቆውን አውጥቶ ወደ ወንዟ መሸኘት ይገባል።