ቦሎው አዲስ፣ ፍሬኑ አሮጌ

«ቦሎው ከተለጠፈ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው ወንድሜ፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?»

ደላላው ይህን ሲለኝ እኔም ከዚህ በላይ የምፈልገው ነገር አልመጣልኝም። ሞተር ሳይክሉ ያማሃ ኤጂ 100 ነው፤ ዕድሜው 18 ዓመት። መጀመሪያ የመሥሪያ ቤት ነበር፣ በጨረታ ወጣ፣ ሦስት ሰው እጅ ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ። 120 ሺህ ብር ቆጥሬ ሰጠሁ። አራት ዓመት ኢኮኖሚክስ ተምሬ «የተመረመረ ነው» በሚል አንድ ቃል ተሸነፍኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ታናሽ ወንድሜን አፈናጥጬ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሐረጎን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ይህን ሁሉ ከፍታ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እየተጠማዘዛችሁ ትጨርሱታላችሁ። ግማሽ ላይ ስንደርስ የኋላው ፍሬን እግሬ ሥር ባዶ ሆነ። የፊቱን ስጨብጥ እጀታው መሪው ድረስ መጣ። ማርሽ ቀነስኩ፣ ብዙም አልያዘልኝም። ከፊት ለፊት ሲኖትራክ እያቃሰተ ይወጣል። ምርጫ አልነበረኝም፣ ተራራው ሥር ያለው ቦይ ውስጥ ይዤው ገባሁ።

እኔ ተላላጥኩ። የወንድሜ የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። የሚጽፍበት እጁ ስለነበር የዚያን ሴሚስተር ፈተና አልተፈተነም። እናቴ እስከ ዛሬ ሞተሩን በስሙ አትጠራውም፣ «ያ ነገር» ነው የምትለው።

መካኒኩ ጎማውን ሲፈቱት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነበር። የፍሬኑ ሸራ አልቆ እንደ መስታወት ለስልሷል። ከዚያ ወጣ ብላ የምትታየውን የፍሬን ክንድ በጣታቸው መታ መታ አደረጓት። ሸራ ባለቀ ቁጥር ይህች ክንድ እየተጋደመች ትሄዳለች፤ አካሄዷን ያየ ሰው «ሸራው አልቋል» ይላል። አንድ ብልጥ ክንዷን ነቅሎ ጥርሷን አዛውሮ መልሶ ገጥሟታል። ከውጭ ሲታይ ሸራው አዲስ ይመስላል።

«ጋሼ፣ ታዲያ ምርመራውን እንዴት አለፈ?»

«ልጄ፣ ሜዳ ላይ ቀዝቅዞ ይይዛላ! ሐረጎ ላይ ሲግል ነው እውነቱ የሚወጣው።»

ነገሩ ቀላል ነው። የዚህ ሞተር ፍሬን ከበሮ ውስጥ የሚሠራ ነው። ቁልቁለት ላይ ደጋግማችሁ ስትይዙት ይግላል፣ ሲግል ከበሮው ይሰፋል፣ ሸራውም የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ኢንጂኑ ባለ ሁለት ምት ስለሆነ ማርሽ ሲቀነስ እንደ ባለ አራት ምቱ አይዝም። ሸክሙ በሙሉ ሸራው ላይ ነው።

ሕጉስ? አዋጅ ቁጥር 681/2002 ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ ነው፤ ዓመታዊ ምርመራ ግዴታ ነው። ችግሩ ምርመራው ምን ያህል ይነግረናል የሚለው ነው። ዘንድሮ ቦሎ ላሳድስ ራሴ ስወስደው ሰዓት ያዝኩ፤ አራት ደቂቃ ፈጀ። መብራት፣ ፍሬቻ፣ ስቶፕ፣ ክላክስ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳሰላል ወይ፣ ፍሬኑ ቆሞ ሲጨበጥ ይይዛል ወይ። አለፈ። መርማሪውን አልወቅሰውም፣ ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ ነበር። ሰልፉ ላይ ደግሞ መስታወት ከጓደኛው ተውሶ የመጣ ልጅ አጠገቤ ቆሟል፤ ማታ ይመልሳል።

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ስለ ያገለገለ መኪና ገበያ አንድ ጽሑፍ ጻፈ፤ በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ኖቤል ተሸለመበት። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ሻጭ የዕቃውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም። ስለዚህ ገዢ ለሁሉም የመካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው ይከስርና ከገበያው ይወጣል፤ ቀስ በቀስ የሚቀረው ጉዱ ብቻ ይሆናል። ምርመራ የሚያስፈልገው ይህን ክፍተት ለመድፈን ነበር። ግን ሁሉም የሚያልፍበት ፈተና ጎበዙን ከሰነፉ አይለይም። እንዲያውም ይባስ፣ እኔን እንዳደረገኝ ያዘናጋል።

የተሻለ ምርመራ ባለበት አገርም ወረቀቱ ገደብ አለው። እንግሊዝ ውስጥ ሞተር ሳይክል ሦስት ዓመት ሲሞላው በየዓመቱ ይመረመራል፤ ሆኖም ምርመራው የኢንጂን፣ የፍሪሲዮንና የማርሽ ሳጥንን ሁኔታ አይጨምርም። ማለፉም ዓመቱን ሙሉ ደህና ነው ማለት እንዳልሆነ መንግሥት ራሱ ይናገራል። የሚያስቀናው ሌላ ነገር ነው፦ ማንም ሰው የታርጋ ቁጥር አስገብቶ ያ ተሽከርካሪ በየዓመቱ በምን እንደወደቀና በምን እንዳለፈ በነፃ በስልኩ ያያል። እኛ ጋ ቢያንስ «ይህን ይህን አይተናል፣ ይህን አላየንም» የሚል ዝርዝር ወረቀት ቢሰጠን ግማሽ መንገድ ነበር።

እስከዚያው አሮጌ ሞተር ልትገዙ ከሄዳችሁ እነዚህን እዩ፦

- ከመነሳቱ በፊት ኢንጂኑን በእጃችሁ ንኩት። ሞቃት ከሆነ አስቀድሞ አሙቀውታል፤ ብርድ ላይ እንዴት እንደሚነሳ ማየት አለባችሁ።
- የፊት ጎማውን ከመሬት አስነስታችሁ መሪውን ቀስ ብላችሁ ግራና ቀኝ አዙሩ። መሃል ላይ ቀጭ ብሎ የሚቆም ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል።
- ጎማው ጎን ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ፈልጉ። 2314 ካለ በ2014 (በፈረንጅ) 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢኖርም ጎማ ያረጃል።
- ሰንሰለቱ በሽፋን የተዘጋ ከሆነ አስከፍታችሁ እዩት። ምርመራ ላይ ማንም አይከፍተውም።
- ሻጩን «ጎማውን ፈተን ሸራውን እንይ» በሉት። እንቢ ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ለመካኒክ የምትከፍሉት ብር ከጄሶ ይረክሳል።

ባለፈው ሳምንት ሞተሩን ለሽያጭ አወጣሁት። አንድ ልጅ ደወለ፤ የመጀመሪያ ጥያቄው «ቦሎ አለው?» ነበር። አዲስ ነው ብዬ መዝጋት እችል ነበር፣ ውሸትም አይደለም። «አለው፤ ግን እሱን ተወውና መካኒክ ይዘህ ና» አልኩት። ሸራውን ቀይሬዋለሁ፣ የመሪው ኩሽኔታ ግን ማለቅ ጀምሯል፤ እሱንም ነገርኩት። 10 ሺህ ብር አስቀነሰኝ።

ለወንድሜ ስነግረው «10 ሺህ ብር ለምን ትጥላለህ?» ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቀኝ አንጓውን እያሸ «ልጁ የሚያፈናጥጠው ሰው አለው?» ብቻ አለኝ።