በአንድ ሌሊት ከሜዳ ወደ ወኅኒ
ዝነኛ ስፖርተኛ በመኪና ሰው ሲገድል የአሜሪካ ሕግ ምን ያደርገዋል? ለእኛስ ምን ያስተምረናል?

ላስ ቬጋስ ሌሊት የማትተኛ ከተማ ናት። ከወገኖቻችንም ብዙዎቹ በዚያች ከተማ ታክሲ ሲነዱ፣ በየካዚኖው ሲሠሩ ያድራሉ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2021፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ገደማ፣ ሬይንቦ ቡሌቫርድ በሚባለው ጎዳና አንዲት የኮርቬት መኪና እንደ ጥይት ተወነጨፈች። የጎዳናው የፍጥነት ወሰን በሰዓት 45 ማይል ነው። ኮርቬቷ ከግጭቱ ሁለት ሴኮንድ በፊት በ156 ማይል፣ ማለትም በ250 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ትበር ነበር። ከፊቷ ያገኘቻትን ቶዮታ ከኋላ ገጨቻት። ቶዮታዋ በእሳት ተያያዘች። በውስጧ የነበረችው የ23 ዓመት ወጣትና ውሻዋ እዚያው ተቃጥለው ሞቱ።

የኮርቬቷ ነጂ ሔንሪ ረግስ ይባላል። የላስ ቬጋሱ ሬይደርስ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን በ2020 ከአላባማ ዩኒቨርሲቲ በ12ኛ ተራ መርጦ የወሰደው የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ችሎታው ሩጫ ነው፤ 40 ያርድን በ4.27 ሴኮንድ የሮጠ፣ በዚያ ዓመት ከተመረጡት ሁሉ ፈጣኑ። ከደሙ የተገኘው አልኮል 0.161 ከመቶ ሲሆን ሕጉ የሚፈቅደው 0.08 ነው። በዚያው ቀን ቡድኑ አሰናበተው። የ16 ሚሊዮን ዶላር ውል የነበረው ሰው በአንድ ሌሊት እስረኛ ሆነ።

ከ50 ዓመት ወደ 3 ዓመት

ዐቃቤ ሕጉ መጀመሪያ የደረደረው ክስ በሙሉ ቢጸና ኖሮ ረግስን ከ50 ዓመት በላይ ሊያሳስረው ይችል ነበር። ነገር ግን በሜይ 2023 ጥፋተኛነቱን አመነ፤ በኦገስት 9 ቀን 2023 ደግሞ ዳኛ ጄኒፈር ሽዋርትዝ ከ3 እስከ 10 ዓመት ፈረዱበት። ይህ ማለት ሦስቱን ዓመት ሳይጨርስ አመክሮ መጠየቅ አይችልም ማለት ነው።

«ሀብታም ስለሆነ ነው!» የሚል ብዙ ነው። ሐሰት ነው ማለት ያስቸግራል፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። የኔቫዳ ሕግ በወቅቱ ሰክሮ ነድቶ ሰው የገደለን ከ2 እስከ 20 ዓመት ያስር ነበር፤ በገደብ መልቀቅም ለዳኛው አይፈቅድም ነበር። ታዲያ ፍርዱ ለምን ወደ ዝቅተኛው ወገን አዘነበለ? ነገሩ ያለው ከደሙ ላይ ነው። ፖሊስ ከአደጋው በኋላ ሆስፒታል የተወሰደውን ረግስን ደሙን ያስመረመረው በዳኛ ትእዛዝ ነበር። ጠበቆቹ «ትእዛዙ ሲጠየቅ በቂ ምክንያት አልቀረበም፤ በቦታው የስካር ፈተናም አልተደረገለትም፤ ስለዚህ የደም ማስረጃው ይሰረዝ» ብለው ተከራከሩ። ይህ ማስረጃ ቢወድቅ ኖሮ ዋናው የስካር ክስ አብሮ በወደቀ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ የተረጋገጠ እስርን ከሚያጠራጥር ድል መረጠ። ጥሩ ጠበቃ መግዛት ማለት ይኸው ነው፤ ዳኛውን መግዛት ሳይሆን የከሳሹን ማስረጃ ቀዳዳ መፈለግ።

አንድ ወንጀል፣ ብዙ ፍርድ

ከረግስ በፊት በተመሳሳይ ጥፋት የቆሙትን ስፖርተኞች እንያቸው።

ሌናርድ ሊትል፣ የሴንት ሉዊስ ራምስ ተጫዋች፣ በኦክቶበር 1998 ከልደቱ ግብዣ ሲመለስ አንዲት እናት ገደለ። የአልኮሉ መጠን 0.19 ነበር። የተፈረደበት 90 ቀን እስር፣ አራት ዓመት ገደብና 1000 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ነው። ሊጉ ለስምንት ጨዋታ አገደው፤ ከዚያ ተመልሶ ለዓመታት ተጫወተ።

ዶንቴ ስቶልዎርዝ፣ የክሊቭላንድ ብራውንስ ተጫዋች፣ በማርች 14 ቀን 2009 ንጋት ላይ በማያሚ በቤንትሊ መኪናው የ59 ዓመት ሰው ገጭቶ ገደለ። ሟቹ የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ አውቶቡስ ለመያዝ የሚሮጥ ሠራተኛ ነበር። ከሌሊት ሥራ የሚመለስ ወገናችን ሁሉ ራሱን በዚያ ሰው ቦታ አድርጎ ያስብ። ስቶልዎርዝ ሸሽቶ አልሄደም፤ ራሱ ፖሊስ ጠራ። ከሟቹ ቤተሰብ ጋር በገንዘብ ተስማማ፤ ቤተሰቡም ነገሩ እንዲያልቅ ፈለገ። ፍርዱ 30 ቀን እስር፣ ሁለት ዓመት ከቤት ያለመውጣት፣ ስምንት ዓመት ገደብ ሆነ። የፍሎሪዳ መንጃ ፈቃዱንም ለዕድሜ ልክ አጣ። ሊጉ ደግሞ የ2009ን የውድድር ዘመን በሙሉ ያለ ደመወዝ አገደው።

ጆሽ ብሬንት፣ የዳላስ ካውቦይስ ተጫዋች፣ በዲሴምበር 2012 መኪናው ተገልብጣ አብሮት የነበረውን የቡድን ጓደኛውን ጄሪ ብራውንን ገደለ። ገዳይም ሟችም ከአንድ ቤት! የሟቹ እናት ፍርድ ቤት ቀርበው ይቅር እንዳሉት ተናገሩ። እስከ 20 ዓመት ሊያሳስር የሚችለው ወንጀል በ180 ቀን እስር፣ በ10 ሺህ ዶላር ቅጣትና በ10 ዓመት ገደብ አለቀ።

ዳኒ ሂትሊ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ነበር። በሴፕቴምበር 2003 በአትላንታ ፌራሪውን ከግንብ አጋጭቶ የቡድን ጓደኛውን ዳን ስናይደርን ለሞት ዳረገ። እርሱ የተከሰሰው በፍጥነት እንጂ በስካር አልነበረም። የሟቹ ወላጆች «እስር ቤት አይግባብን» ብለው ለመኑለት። ሦስት ዓመት ገደብ ተፈረደበት፤ በተጨማሪም ስለ ፍጥነት አደገኛነት 150 ጊዜ በአደባባይ እንዲናገር ታዘዘ።

ወደ እንግሊዝ ስንሻገር ሊ ሂዩዝን እናገኛለን። የዌስት ብሮም ኳስ ተጫዋች ነበር። በኖቬምበር 2003 ሰው ከገደለው ግጭት ሸሽቶ ፖሊስ ጣቢያ የቀረበው ከ36 ሰዓት በኋላ ነው። ጠጥቶ እንደሆነ በምርመራ ለማወቅ ጊዜው አልፎ ነበር። ሽሽቱ ግን አላዳነውም፤ ስድስት ዓመት ተፈረደበት፣ ሦስቱን ታስሮ ወጣ።

አንባቢ ሆይ! እነዚህን ፍርዶች አስተያያቸው። ያለ ቀጠሮ ቅጣቱን የሚያከብዱትና የሚያቀሉት አራት ነገሮች ናቸው፤ የግዛቱ ሕግ፣ የማስረጃው ጥንካሬ፣ ነጂው ከቦታው መቆየቱ ወይም መሸሹ፣ እና የሟቹ ቤተሰብ ቃል። ገንዘብ በሁለተኛውና በአራተኛው በር ይገባል። በመጀመሪያውና በሦስተኛው ግን ባለ ቤንትሊውም ባለ ታክሲውም እኩል ነው።

ለእኛ የሚከብደው ሌላው ፍርድ

ስቶልዎርዝ ከእስር በወጣ ማግስት የአሜሪካ ዜጋ ነው። ከእኛ መካከል ግን ብዙው ሰው ከወንጀል ፍርዱ ጀርባ ሌላ ፍርድ ይጠብቀዋል።

ሌኦካል የተባለ ግሪን ካርድ የያዘ የሄይቲ ተወላጅ በፍሎሪዳ ጠጥቶ ነድቶ ሰው በማቁሰሉ ከአገር እንዲባረር ተወስኖበት ነበር። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2004 ዳኞቹ በአንድ ድምፅ «በቸልተኝነት የደረሰ አደጋ የኃይል ወንጀል አይደለም» ብለው ወሰኑለት። ይህ ውሳኔ ብዙ ስደተኛ አድኗል። ነገር ግን ጠጥቶ መንዳት ለስደተኛ ቀላል ነው ማለት አይደለም። መንጃ ፈቃዱ እንደታገደበት እያወቀ ጠጥቶ የነዳ ሰው ነገሩ ሌላ ይሆናል፤ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ1999 ይህንን የሞራል ጉድለት ያለበት ወንጀል ብሎታል። በ2019 ደግሞ ዋናው ዐቃቤ ሕግ ሁለት ጊዜ ጠጥቶ በመንዳት የተፈረደበት ሰው «መልካም ጠባይ የለውም» ተብሎ እንዲገመት ወሰኑ። መልካም ጠባይ ደግሞ ለዜግነት ከሚጠየቁት አንዱ ነው። ቪዛ ይዞ የመጣ ተማሪ ወይም እንግዳ፣ ከ2015 ወዲህ ባለው አሠራር፣ ገና ሳይፈረድበት በመታሰሩ ብቻ ቪዛው ሊሰረዝ ይችላል።

ስለዚህ ክስ የደረሰበት ወገን ጠበቃውን በመጀመሪያ ቀን «ዜጋ አይደለሁም» ይበለው። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፓዲያ ጉዳይ እንደወሰነው፣ የወንጀል ጠበቃ ጥፋተኛነትን ማመን ከአገር እንደሚያስባርር ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት። «ቶሎ ይለቅልህ፣ እመን» ተብለው ፈርመው ኋላ ያለቀሱ አሉ።

እንጀራቸው በመሪ ላይ የሆነውም ያስተውሉ። የከባድ መኪና ወይም የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው በገዛ የቤት መኪናው እንኳ ጠጥቶ ቢያዝና ቢፈረድበት ለአንድ ዓመት ከሥራው ይታገዳል፤ ሁለተኛ ከሆነ ለዕድሜ ልክ ነው። ኢንሹራንሱ ያልሸፈነውን ካሣ ደግሞ «ከሠርኩ» ብሎ ማምለጥ አይቻልም፤ ሰክሮ በመንዳት ሰው የገደለ ወይም ያቆሰለ ሰው ዕዳው በኪሳራ አዋጅ አይሰረዝለትም። ምግብ ቤት ያላቸው ወገኖቻችንም ይህ አይመለከተንም አይበሉ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሰካራም መጠጥ የሸጠ ቤት ለአደጋው ካሣ አይጠየቅም፤ ድልድዩን ተሻግረው ዋሽንግተን ሲገቡ ግን ይጠየቃል።

በባሕረ ሰላጤው ያሉ ሾፌሮቻችን ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። በተባበሩት የአረብ ኤምሬቶች በአደጋ ለጠፋ ሕይወት የሚከፈለው የደም ካሣ 200 ሺህ ድርሃም ሆኖ ተወስኗል። ኢንሹራንስ ያለው ይተርፋል፤ መጠጥ ከተገኘበት ግን ኢንሹራንሱ የከፈለውን ከራሱ ሊጠይቀው ይችላል።

ይቅርታ መጠየቅ ወንጀል ነውን?

በአገራችን ሰው የገጨ ሰው ቤተሰቦች መጀመሪያ የሚያደርጉት ሽማግሌ መላክ ነው። ለቅሶ ቤት ደርሶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ከደጅ መውደቅ ባህላችን ነው። እዚህ ጠበቃው በመጀመሪያ የሚለው «አንዲት ቃል እንዳትናገር!» ነው። ስንቱ ወገናችን በዚህ መካከል ተጨንቋል? ዝም ቢል አረመኔ ይባላል፤ ቢናገር ቃሉ ማስረጃ ይሆንበታል።

መካከለኛ መንገድ ግን አለ። ካሊፎርኒያንና ማሳቹሴትስን የመሳሰሉ ግዛቶች የሐዘን መግለጫ በካሣ ክርክር ላይ ማስረጃ እንዳይሆን በሕግ ከልክለዋል። በካሊፎርኒያ ሕግ «በደረሰባችሁ ሐዘን ልቤ ተሰብሯል» ማለት ይቻላል፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጠጥቼ ነበር» ማለት ግን ማስረጃ ነው። ይህም የካሣው ክርክር እንጂ የወንጀሉ አይደለም። ስለዚህ ሽማግሌ መላክ ቢያስፈልግ ጠበቃ አውቆት፣ ቃሉም ተመዝኖ ይሁን።  የስናይደር ወላጆችና የጄሪ ብራውን እናት እንዳሳዩት፣ ይቅርታ በአሜሪካ ፍርድ ቤትም ውስጥ ሚዛን የሚደፋ ነገር ነው። እኛ ከአገራችን ይዘነው የመጣነውን ዕርቅ እንደ ኋላ ቀርነት የምንቆጥር ካለን፣ ይህንን እናስታውስ።

እንግዲህ የሠርጉና የክርስትናው ወራት ሲመጣ ድግሱ፣ ጠጁና ውስኪው አይቀርም፤ አይቅርም። ነገር ግን ባለድግሱ እንግዳውን «ድገም እንጂ!» እያለ ማስጨነቁን ያህል፣ ሲወጣም ቁልፉን ተቀብሎ ታክሲ ይጥራለት። የታክሲው ዋጋ የጠበቃን የአንድ ሰዓት ክፍያ አይሞላም። በዚያች ቶዮታ ውስጥ የነበረችው ወጣት ግን በምንም ዋጋ አትመለስም፤ ሔንሪ ረግስ ከወኅኒ ቢወጣም ይህንን የሚሽርለት ዳኛ አያገኝም።

ቸር ያሰማን።