ከመቆፈር በፊት ማየት፦ የፐርማካልቸር ንድፍ ሀሁ

አንዲት ዶሮ አስቡ። እንቁላል እንደምትጥል ሁላችንም እናውቃለን። ግን ደግሞ ስትጭር አፈር ታላላለች፤ ትልና ነፍሳት ትለቅማለች፤ የኩሽና ትራፊ ታነሳለች፤ ኩሷም ግሩም ማዳበሪያ ነው። እሷ በበኩሏ ውሃ፣ ጥላ፣ ቆጥ፣ ከጭልፊትና ከሸለመጥማጥ መጠለያ ትፈልጋለች።

እንግዲህ ቤቷን የት እንሥራላት? ባዶ አጥር ጥግ ካስቀመጥናት ጥሬውንና ውሃውን ተሸክመን እንሄዳለን፤ ኩሷንም ተሸክመን እንመለሳለን። የፍራፍሬ ዛፎች ሥር ካደረግናት ግን ዛፉ ያጠልላታል፣ የወደቀ ፍሬና ትል ታጸዳለች፣ ኩሷም እዚያው ለዛፉ ይሆናል። ጎመኑ ተለቅሞ ሲያልቅ ደግሞ መደቡ ላይ ለጥቂት ቀን ብንለቃት አረሙን ነቅላ፣ አፈሩን ጭራ ታዘጋጅልናለች። ዶሮዋም ዛፉም መደቡም ያው ናቸው፤ የተለወጠው አቀማመጣቸው ብቻ ነው።

ፐርማካልቸር የሚባለው የንድፍ ጥበብ ሲጨመቅ ይኸው ነው፦ አንዱ የሚጥለው ለሌላው ምግብ እንዲሆን ነገሮችን አቀራርቦ ማስቀመጥ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የትኛውም ግቢ ስገባ ሁለት ጥያቄ ይመጣብኛል። ይህ ነገር ምን ይፈልጋል? ምንስ ይሰጣል? እናንተም ብትለምዱት ደስ ይለኛል፤ ከሁለቱ ጥያቄዎች ብዙ ነገር ይወጣልና።

ሐሳቡን በዚህ ስም ያዋቀሩት ሁለት አውስትራሊያውያን ናቸው። ቢል ሞሊሰን በታዝማኒያ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ ዴቪድ ሆልምግረን ደግሞ ወጣት ተማሪ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አብረው የሠሩትን በ1978 «ፐርማካልቸር ዋን» በተባለው መጽሐፍ አሳተሙት። መነሻቸው ቀላል ነበር፤ ደን ማንም ሳያርሰው፣ ሳያጠጣው፣ ማዳበሪያ ሳይገዛለት ለዘመናት ይለመልማል። ታዲያ ምግባችንን የምናመርትበት ቦታ ለምን እንደ ደን አይደራጅም? ንድፉ በሦስት ግዴታዎች ላይ ቆመ፦ መሬትን መንከባከብ፣ ሰውን መንከባከብ፣ ትርፍን ማካፈል።

አሁን ወደ ግቢያችን እንግባ። የመጀመሪያው መሣሪያ ቦታን በምልልስ ብዛት መከፋፈል ነው። ቤቱ ዜሮ ይባላል። በቀን ደጋግመን የምንደርስበት አንደኛ ክልል፣ አልፎ አልፎ የምንደርስባቸው ሁለተኛና ሦስተኛ፣ ለማገዶና ለግጦሽ የሚሆነው አራተኛ፣ ሳንነካው የምንማርበት ዱር ደግሞ አምስተኛ ነው። ስለዚህ በሶብላው፣ ጤና አዳሙ፣ ቃሪያውና ጎመኑ ከኩሽናው በር አጠገብ ይሁኑ። ወጥ ጥዳችሁ እጃችሁን ዘርግታችሁ የምትቀነጥሱት ተክል ውሃም አይጠማም፣ ትልም ሳይታይ አይጨርሰውም። በዓመት አንዴ የሚታጨደው ግን ራቅ ቢል ችግር የለበትም።

ይህ አሠራር በቁጥር ይሰየም እንጂ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። የጉራጌን መንደር ተመልከቱ። ከቤቶቹ ፊት ለፊት ጀፎረ አለ፤ ሣር የለበሰ፣ ሰፊ፣ የሁሉም የሆነ መንገድ፤ ሠርግና ለቅሶ የሚሰበሰብበት፣ ከብት የሚግጥበት፣ ልጆች የሚጫወቱበት። ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ ይጀምራል። በየጠዋቱ ከበረት የሚጠረገው ፍግ ሩቅ ሳይሄድ እሱ ሥር ይደፋል፤ ብዙ ማዳበሪያና ብዙ ክትትል የሚሻው ተክል ከበረቱና ከቤቱ ቅርብ ነው ማለት ነው። ብዙ እጅ የማይጠይቀው ባሕር ዛፍ ደግሞ ወደ ዳር ይገፋል።

ሁለተኛው መሣሪያ ከውጭ የሚመጣውን ማንበብ ነው፦ ፀሐይ፣ ነፋስ፣ ጎርፍ። እዚህ ላይ ከባዕድ መጽሐፍ መገልበጥ ያሳስታል። አውስትራሊያ የተጻፈው «አትክልታችሁ ወደ ሰሜን ይይ» ይላል፤ አሜሪካ የተጻፈው «ወደ ደቡብ»። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ላላችሁ ሁለተኛው ልክ ነው፤ የእኩለ ቀን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ሁለቱንም ወገን ትጎበኛለች። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ በእኩለ ቀን ወደ ሰሜን ታጋድላለች፤ በበጋ ወደ ደቡብ ትወርዳለች። በታኅሣሥ 5 ሜትር ቁመት ያለው ዛፍ በእኩለ ቀን ከ3 ሜትር በላይ ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። አቮካዶ ከመትከላችሁ በፊት በበጋ አጠገቡ ያለውን መደብ ያጨልም እንደሆነ መርምሩ። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ውሃው የት እንደሚገባ፣ የት እንደሚተኛ፣ በየት እንደሚወጣ በወረቀት ሳሉት።

ከሁሉ የማረከኝ የውሃው ነገር ነውና እሱ ላይ ትንሽ እንቆይ። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት 5 ሚሊ ሜትር ከዘነበለት 200 ሊትር፣ ማለትም አንድ በርሜል፣ ያገኛል። 1,000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት አካባቢ በዓመት 40,000 ሊትር፣ 200 በርሜል ማለት ነው! ጥቂቱ ይተን፣ ጥቂቱ ይፍሰስ ብንል እንኳ ብዙ ይተርፋል። አሸንዳ ለማሰር ይህ ስሌት ብቻ ይበቃል።

ከበርሜል ይልቅ ርካሹ ማጠራቀሚያ ግን አፈሩ ራሱ ነው፤ ውሃው እንዲሰርግ መጀመሪያ ሩጫው መገታት አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገውን ውሃ ልክ በቤታችሁ መሥራት ትችላላችሁ። 2 ሜትር ገደማ የሆኑ ሁለት እኩል እንጨቶችን አናታቸው ላይ እሰሩና እግራቸውን ክፈቱ፤ መሐል ላይ አግዳሚ ምቱባቸው፤ ከአናታቸው ድንጋይ የታሰረበት ሲባጎ አንጠልጥሉ። ሁለቱ እግሮች ያረፉበትን ነጥብ መሬት ላይ፣ ሲባጎው የነካውን ቦታ አግዳሚው ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ እግሮቹን እዚያው ነጥቦች ላይ አቀያይራችሁ አቁሙና እንደገና ምልክት አድርጉ። የሁለቱ ምልክቶች እኩሌታ ትክክለኛው ልክ ነው፤ ሲባጎው እዚያ ሲውል ሁለቱ እግሮች በእኩል ከፍታ ላይ ናቸው።

በዚህ መሣሪያ ተዳፋቱን አግድም እየተራመዳችሁ በየእርምጃው ችካል ስትተክሉ እኩል ከፍታ ያለው መስመር ይወጣላችኋል። በመስመሩ ላይ ቦይ ቆፍሩ፣ አፈሩን ቁልቁል በኩል ደልድሉ፣ ድልድሉ ላይ ተክል አልብሱ። ቦዩ ሲሞላ የሚተርፈው ውሃ በሰላም የሚወጣበት ማፋሰሻም አይዘንጋ። ከቤት መሠረት አጠገብና በጣም ቀጥ ባለ ገደል ላይ ግን ይህን አትሞክሩ። ለገደሉ የኮንሶ ሰዎች መልስ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የድንጋይ እርከኖቻቸው አንዳንዶቹ እስከ 5 ሜትር ይቆማሉ፤ አፈር ይይዛሉ፣ ውሃ ያሰርጋሉ፣ ትርፉን ያስወጣሉ። ባህሉ ከ400 ዓመት በላይ፣ 21 ትውልድ፣ ሲወራረስ መጥቷል።

የሰረገውን ውሃ ፀሐይ እንዳትመልሰው አፈሩ ራቁቱን አይደር። ገለባ፣ ደረቅ ቅጠል፣ የታጨደ አረም ጉዝጓዝ ይሆናል፤ የኩሽና ትራፊ ደግሞ ብስባሽ። ከዚያ ከፍታን ተጠቀሙ። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ቅርስ በሆነው የጌዴኦ ምድር ትልልቅ ዛፎች ከላይ ያጠልላሉ፣ ከሥራቸው እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ሥር ቡናው ይገኛል። ብርብራ ቅጠሉን እያራገፈ አፈሩን ይመግባል። አንድ ማሳ ላይ ብዙ ፎቅ ማለት ነው። ጠባብ ግቢ ያላችሁም በቆሎ፣ ቦሎቄና ዱባ አብራችሁ ዝሩ፤ በቆሎው ለቦሎቄው ድጋፍ ይሆናል፣ በቦሎቄው ሥር ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ይይዛሉ፣ የዱባው ሰፊ ቅጠል አፈሩን ይሸፍናል።

ከየት እንጀምር ካላችሁኝ፣ ለመለወጥ ከሚከብደው ጀምሩ እላለሁ። መጀመሪያ የውሃውን መንገድ ወስኑ፣ ቀጥሎ የሰው መመላለሻውን፣ ከዚያ ግንባታውን፣ ከዚያ ዛፎቹን፣ በመጨረሻ መደቦቹን። ያለቦታው የተዘራ ሰላጣ በሚቀጥለው ወር ይታረማል፤ ያለቦታው የተተከለ ዛፍ ዓመታት ያስከፍላል፤ የጎርፍ መንገድ ላይ የተሠራ ቤት ደግሞ ዕድሜ ልክ ያስጨንቃል። ስለዚህ ሐሳባችሁን ከባዱ ላይ አፍስሱ፣ እጃችሁን ግን ከትንሹ አስጀምሩ፤ ከኩሽናው በር አጠገብ አንዲት መደብ፣ አንድ አሸንዳ፣ አንድ የብስባሽ ክምር። እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ መመጋገብ ሲጀምሩ ቀጣዩ ነገር የት መቀመጥ እንዳለበት ግቢው ራሱ ያሳያችኋል።